ብሩሽ ሲነካው የሚደማ የልጅ ድድ፦ የጥርስ ሐኪም ምላሽ

ጥያቄ፦ «ወንዱ ልጄ 4 ዓመት ከመንፈቁ ነው። ጥርሱን የሚቦርሸው ራሱ ነው። ከአንድ ወር ወዲህ ብሩሹ ላይ ደም አያለሁ። የፊት ጥርሶቹ ጋ ድዱ ቀልቶ አብጧል። ስለፈራሁ መቦረሹን አስቁሜዋለሁ። እናቴ ‹የወተት ጥርስ ነው፣ መውደቁ አይቀርም፣ ተዪው› ትለኛለች። የምንኖረው አዳማ ነው፤ እዚህ አካባቢ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ጥርስ ያበልዛል ያሉኝም አሉ። ሌላው ጭንቀቴ የ7 ወር ሕፃን አለችኝ። ተቅማጥ ይዟታል፣ ድዷም አበጥ ብሏል። ጎረቤቶቼ ‹የወተት ጥርሷን አስወጪላት› እያሉኝ ነው። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽን በቅደም ተከተሉ አልመልስም። ከሕፃኗ ልጀምር፤ የእሷ ጉዳይ ለነገ የሚያድር አይደለም።

የሕፃኗን ድድ ማንም እንዳይነካባት። በመርፌም፣ በምላጭም፣ በሽቦም፣ በጥፍርም። ጎረቤቶችሽ ክፉ አስበው አይደለም፤ ከወላጆቻቸው የሰሙትን ነው የሚነግሩሽ። ግን «የወተት ጥርስ ማስወጣት» በአገራችን ሕፃናትን ከሚጎዱ ልማዶች አንዱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥርስ ድድን ቀዶ ከመውጣቱ ከብዙ ወራት በፊት እዚያው ድድ ውስጥ ያድጋል። ብዙ ጊዜ ተቆፍሮ የሚወጣው ክራንቻ ብቅ የሚለው ከ16ኛው ወር በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ቦታው ከፍ ብሎ፣ ነጣ ብሎ፣ ያበጠ መስሎ ይታያል። በሽታ አይደለም፤ ጥርሱ ነው። በዚሁ ዕድሜ ደግሞ ሕፃን መዳህ ይጀምራል፣ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል፣ ከጡት ሌላ ምግብ ይቀምሳል። ከእናቱ ይዞት የተወለደው የመከላከል አቅምም እየቀነሰ የሚሄድበት ጊዜ ነው። ተቅማጡን የሚያመጣው ይኼ ነው። ሁለቱ በአንድ ሰሞን ስለሚታዩ ግን አንዱ ሌላውን ያመጣው ይመስላል።

ቆፍረው ሲያወጡ የሚያሳዩሽ ነጭ ለስላሳ ነገር ገና ያልጠነከረ የልጅሽ ጥርስ ነው። መሣሪያው ንጹሕ ስላልሆነ ቴታነስ፣ ኤችአይቪ፣ ወደ ደም የሚሠራጭ ኢንፌክሽን ሊያስከትል ይችላል። ሕፃን ያላት ደም ትንሽ ስለሆነ መድማቱ ራሱ ያሰጋል። ከዚያ ቢተርፉ እንኳ ጉዳቱ አያበቃም። ቋሚው ጥርስ የሚሠራው ከወተት ጥርሱ አጠገብ ስለሆነ እሱም አብሮ ይጎዳል። እስራኤል በገቡ የቤተ እስራኤል ልጆች ላይ የጥርስ ሐኪሞች ይህንኑ አይተው ጽፈዋል፦ የወተት ክራንቻው የለም፣ ከጎኑ ያሉት ጥርሶች ደግሞ ተበላሽተው ወጥተዋል። ልጆቹ አድገው አገር ቀይረው እንኳ ምልክቱ አፋቸው ውስጥ ነበር።

እና ምን ታደርጊ? ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጃት። ለተቅማጥ የሚሰጡት ኦአርኤስና ዚንክ ነው። ጡት ማጥባቱን አታቁሚ፤ እንዲያውም ጨምሪላት። ዓይኗ ከጎደጎደ፣ ሽንቷ ከቀነሰ፣ ከደከመች ወይም ሰገራዋ ላይ ደም ካየሽ አትዘግዪ። ጥርስ ማብቀል ሕፃንን ሊያነጫንጭ፣ ለሃጭ ሊያበዛ፣ ሙቀቷን ትንሽ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ከ38 ዲግሪ በላይ የሚወጣ ትኩሳት ግን የጥርስ አይደለም፤ ሌላ ምክንያት ይፈለግለት። ድዷን ለማስታገስ በታጠበ ጣትሽ ማሸት ወይም በቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ንጹሕ ጨርቅ ማስነከስ ይበቃል። ቤንዞካይን ያለበት የድድ ማደንዘዣ ቅባት አትግዢ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 ከ2 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ አስጠንቅቋል፤ ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን እንዲያጣ ሊያደርግ ስለሚችል። የቅርንፉድ ዘይትም የሕፃን ድድ ያቃጥላል።

አሁን ወደ ልጅሽ ልመለስ።

ዛሬ ማታ መቦረሽ ይጀምር። የሚቦርሸው ግን እሱ ሳይሆን አንቺ ነሽ። መልሴ ባጭሩ ይኸው ነው፤ የቀረው ማብራሪያው ነው።

ደም ስታዪ መደንገጥሽ የማንም እናት ነው። ሌላ ቦታ ቢሆን ሲነካ የሚደማን ነገር አለመንካት ትክክል ነው። ድድ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ድዱ የሚደማው ብሩሽ ስለነካው ሳይሆን ብሩሽ ሳይነካው ስለቆየ ነው። ጥርስና ድድ የሚገናኙበት መስመር ላይ ነጭ ወይም ቢጫ የሆነ ለስላሳ ንብርብር ይጋገራል። ፕላክ እንለዋለን። የምግብ ትራፊ ይመስላል እንጂ አብዛኛው በሕይወት ያለ ባክቴሪያ ነው። በጥፍርሽ ብትፍቂው ይነሳል፤ ውኃ መጉመጥመጥ ግን አያነሳውም። ሰውነት ይህን ባክቴሪያ ለመከላከል ወደ ድዱ ብዙ ደም ይልካል። ድዱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ቆዳው ይሳሳል። በዚህ ጊዜ ብሩሽ አይደለም ዳቦም ቢነካው ይደማል።

ይህን በግልጽ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1965 ዴንማርክ፣ ኦርሁስ ከተማ የተደረገ ጥናት ነው። ሃራልድ ሎ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ጤነኛ ድድ ያላቸውን 12 ሰዎች መቦረሽ እንዲያቆሙ አደረጉ። አብዛኞቹ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ነበሩ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ የሁሉም ድድ ተቆጣ። መቦረሽ እንደገና ሲጀምሩ በአንድ ሳምንት ገደማ ዳነላቸው። መድኃኒት አልተሰጣቸውም። ከዚያ በኋላ ብዙ ተጠንቷል፤ የዚህ ጥናት ፍሬ ነገር ግን እስከ ዛሬ አልተሻረም።

አንድ ልጨምርልሽ። የትንንሽ ልጆች ድድ እንደ አዋቂ ድድ ቶሎ አይቆጣም። በ4 ዓመቱ ድዱ የሚደማ ልጅ ካለ ፕላኩ ሰንብቷል ማለት ነው። የላይ ከንፈሩን ገልጠሽ ድዱ ዳር ላይ ብታዪ ታገኚዋለሽ።

ስለዚህ ስትቦርሺው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይደማል። ምናልባትም ከበፊቱ ይብሳል። አትቁሚ። ጠንክሮ መፈግፈግ አያስፈልግም፤ ለስላሳ ብሩሽ በለስላሳ እጅ፣ ግን የሚደማው ቦታ ላይ። በሳምንት ውስጥ ደሙ መቀነስ አለበት። በደንብ እየተቦረሸ በሁለት ሳምንት ካልቆመ የጥርስ ሐኪም ይየው።

ለምን አንቺ? ልጅሽ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። የ4 ዓመት ልጅ እጅ ለዚህ ሥራ ገና አልደረሰም። ብሩሹን አፉ ውስጥ ያንቀሳቅሳል፣ ሳሙናውን ይመጥጣል፣ የፊቱን ጥርስ ሁለት ሦስቴ ነካ ያደርጋል፣ ጨረስኩ ይላል። ድዱ ዳር አይደርስም፣ የኋላ መንጋጋውን ጭራሽ አያገኘውም። ልጆች በደንብ መቦረሽ የሚችሉት ከ7 ወይም 8 ዓመታቸው በኋላ ነው። የጫማውን ክር ራሱ አጥብቆ ማሰር የማይችል ልጅ ጥርሱን ብቻውን ይቦርሻል ብለሽ አትጠብቂ። ራሱ መሞከር ከወደደ ግሩም ነው፤ መጀመሪያ እሱ ይቦርሽ፣ ከዚያ አንቺ ትጨርሺዋለሽ። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የምትችዪ ከሆነ ማታውን ምረጪ። በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ይቀንሳል፣ አፍ ራሱን ማጠብ ያቆማል፣ ባክቴሪያውም ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል።

አሁን አያያዙን ላሳይሽ። ብዙ ወላጅ ፊት ለፊት ቆሞ ይቦርሻል፤ ልጁ ጭንቅላቱን ያዞራል፣ ትግል ይሆናል። እንደዚያ ከምትይዢው አልጋ ወይም ፍራሽ ላይ ቁጭ በይና ጭንቅላቱን ጭንሽ ላይ አድርጎ በጀርባው ይተኛ። አንቺ ከላይ ወደ ታች ታዪዋለሽ። አፉ ውስጥ ያለው ሁሉ ይታይሻል፣ ጭንቅላቱም አይወዛወዝም። መብራት በደንብ ይብራ፤ የስልክ ባትሪም ይበቃል። በደብዛዛ ብርሃን የሚቦረሽ ጥርስ ግማሹ አይቦረሽም።

በግራ እጅሽ ከንፈሩን ቀስ ብለሽ ግለጪ። እዚህ ጋ ጥቂት ወላጅ ብቻ የሚያውቀው ነገር አለ። ከላይኛው ከንፈር ውስጥ መሀል ላይ፣ ከንፈሩን ከድዱ ጋር የሚያያይዝ ስስ ክር አለ። ብሩሽ እሱን ሲመታው በጣም ያማል። ብዙ ልጅ «መቦረሽ ጠላ» የሚባለው በዚህ ነው፤ በእያንዳንዱ ቀን እዚያችው ቦታ ይመታል፣ ያማል፣ ማንም አያይለትም። ከንፈሩን ስትገልጪ በጠቋሚ ጣትሽ ክሩን ሸፍኚው። ይህን ያደረጉ እናቶች ልጃቸው ማልቀሱን እንዳቆመ ይነግሩኛል።

ብሩሹ ራሱ ትንሽና ለስላሳ ይሁን፣ ሁለት ጥርስ ብቻ የሚሸፍን ጭንቅላት ያለው። ፀጉሮቹን ወደ ድዱ አጋድሚ፤ ግማሹ ጥርስ ላይ፣ ግማሹ ድድ ላይ ይረፍ። በትንንሹ ወደ ጎን አንቀጥቅጪው ወይም ክብ እየሠራሽ ሂጂ። ጥርሱ ላይ ብቻ የሚሄድ ብሩሽ ድዱን አያድነውም። አንድ ቦታ ጀምረሽ ዞረሽ እዚያው ተመለሺ። ከዚያ በውስጥ በኩል። ከዚያ የሚያኝክበት ገጽ። ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። የሚወደውን ዘፈን ክፈቺለት ወይም ራስሽ ዘፍኚለት፤ ቁጥር ቁጠሪ፣ ተረት አውሪ። ሁለት ጥርሶች ተጣብቀው ከቆሙ ብሩሽ መሀላቸው አይገባም። የጥርስ ክር ካገኘሽ በሳምንት ጥቂት ቀን እንኳ ብታሳልፊበት ጥሩ ነው።

ካለቀሰስ? ይቦረሽ። ይህን የምለው ሳይጨንቀኝ ቀርቶ አይደለም። ልብስ ሲለብስም፣ ሲታጠብም፣ ክትባት ሲወጋም ያለቅሳል። አትቆጪው፣ አታስፈራሪው፣ «ሐኪሙ ጋ ወስጄ አስነቅልሃለሁ» አትበይው፤ ይህን የተባለ ልጅ እኛ ጋ ሲመጣ አፉን አይከፍትም። በረጋ ድምፅ አጭር አድርገሽ ጨርሺ፣ ከዚያ እቀፊው። ብዙው ልጅ በጥቂት ቀን ይለምደዋል።

ብሩሹን በየ3 ወሩ ቀይሪ፣ ፀጉሩ ከተበታተነ ከዚያም በፊት። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የየራሱ ብሩሽ ይሁን። አራት ልጅ በአንድ ብሩሽ የሚቦርሽበት ቤት ብዙ ነው፤ ደም ባለበት ድድ ላይ ይህ አደገኛ ነው።

እናትሽ የሚሉትን በአክብሮት ልመልስ፤ ከልብ አስበው ነው የሚሉት። የወተት ጥርስ መውደቁ እውነት ነው። ግን መቼ? የፊቶቹ በ6 ወይም 7 ዓመት፣ የኋለኞቹ መንጋጋዎች ደግሞ እስከ 10 እና 12 ዓመት ይቆያሉ። ልጅሽ በእነዚህ መንጋጋዎች ገና ስድስት ሰባት ዓመት ይበላል። ከተበላሹ ያማሉ፣ እንቅልፍ ይነሳሉ፣ መግል ይይዛሉ። መግሉ ሥር ላይ የሚሠራውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳ ይችላል። ያለጊዜያቸው ከተነቀሉ ደግሞ ጎረቤት ጥርሶች ቦታቸውን ይይዙና ቋሚው ተጣምሞ ይወጣል። ከዚህም ሌላ በ6 ዓመቱ አካባቢ ከወተት መንጋጋዎቹ በስተኋላ አራት ቋሚ መንጋጋዎች ይበቅላሉ። ምንም ጥርስ ሳይወድቅ ዝም ብለው ነው የሚወጡት። ስለዚህ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስሉታል፣ «ይወድቃል» ተብለው ይተዋሉ። አይወድቁም፤ የዕድሜ ልክ ጥርስ ናቸው። እኔ ከምነቅላቸው የልጆች ቋሚ ጥርሶች አብዛኞቹ እነዚህ ናቸው፣ ሁሌም ያሳዝነኛል።

እናትሽ መፋቂያ ከለመዱ ደግሞ ልክ ናቸው። የወይራ ወይም የክትክታ መፋቂያ በደንብ የሚያውቅበት ሰው እጅ ላይ ጥሩ መሣሪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1986 በሚለመድበት አገር ሁሉ አበረታቶታል። ለ4 ዓመት ልጅ ግን አልመክረውም። ጫፉ ሳይላላ ድድ ይወጋል፣ የውስጡን ገጽ አይደርስም፣ ይዞ ሲሮጥ ከወደቀ ጉሮሮውን ሊወጋው ይችላል። ከፍ ሲል አያቱ ያስተምሩት። ብሩሽ ካልተገኘ በታጠበ ጣት ላይ የተጠቀለለ ንጹሕ ሻካራ ጨርቅ ከምንም ይሻላል። በከሰል፣ በሎሚና በጨው መፈግፈግን ግን ተዉት። ከሰልና ጨው ይፍቃሉ፣ ሎሚ ደግሞ የጥርሱን የላይ ሽፋን ያሟሟል።

አሁን የፍሎራይዱ ጉዳይ። ፍሎራይድ በልኩ ሲሆን ጥርስን ከመበላሸት የሚጠብቅ፣ ሲበዛ ግን የሚያበልዝ ማዕድን ነው። ይህን የጠየቅሽው አዳማ ሆነሽ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ፤ ለአዲስ አበባ ወይም ለባሕር ዳር እናት የምሰጠው መልስ ሌላ ነው።

የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ መሀል ስለሚያልፍ ብዙ ፍሎራይድ ይሸከማል። ወንጂ፣ መተሐራ፣ ዝዋይ አካባቢ ጥርሳቸው የበለዘ ሰዎችን ታውቂያለሽ። ያ የሳሙና ሥራ አይደለም፤ ቋሚ ጥርሳቸው ድድ ውስጥ ሲሠራ ሲጠጡት የነበረው ውኃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በአካባቢው ይህን ብዙ እጥፍ የሚያልፍ ጉድጓድ አለ።

እስቲ እናስላው። 1000 ፒፒኤም (በሳሙናው ውስጥ ያለው የፍሎራይድ መጠን ነው) ተብሎ የተጻፈበት ሳሙና የአተር ፍሬ ያህል ብታደርጊ ውስጡ ያለው ፍሎራይድ ሩብ ሚሊግራም ገደማ ነው። ልጁ ሁሉንም ቢውጠው እንኳ ያገኘው ሩብ ሚሊግራም ነው። በሊትር 5 ሚሊግራም ያለበትን ውኃ አንድ ሊትር የጠጣ ልጅ ግን 5 ሚሊግራም ወሰደ፤ 20 አተር መሆኑ ነው። ስለዚህ ከሳሙናው በፊት ስለ ውኃው ጠይቂ። ቤትሽ የሚመጣው ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ ነው ወይስ ከጉድጓድ? የከተማው ውኃ አገልግሎት ወይም የጤና ጽሕፈት ቤት ሊነግርሽ ይገባል። ውኃ ማፍላት ፍሎራይድን አያጠፋም፤ ውኃው ሲተን እንዲያውም ይጠነክራል። የዝናብ ውኃ ግን ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል። ውኃሽ ከፍተኛ ከሆነ ለልጆች መጠጥና ምግብ ማብሰያ ሌላ ውኃ ፈልጊ። ሻይ ቅጠልም በተፈጥሮው ፍሎራይድ አለበት፤ ለትንሽ ልጅ ሻይ የማልመክርበት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው።

የፊት ቋሚ ጥርሶች ለመበለዝ ትልቁ ሥጋት በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት ነው። ልጅሽ ያንን አልፏል፤ የኋላ ጥርሶቹ ግን እስከ 8 ዓመት ገደማ ይሠራሉ። ውኃሽ ደኅና ከሆነ 1000 ፒፒኤም ሳሙና የአተር ፍሬ ያህል አድርጊለት። ውኃው ከፍተኛ ከሆነ የሩዝ ፍሬ ያህል ይበቃዋል፣ ስለ ሳሙናው ዓይነት ደግሞ ከጥርስ ሐኪም ጋር ተነጋገሪ። ሕፃኗ የመጀመሪያ ጥርሷ ሲወጣ የምትጀምሪላትም በሩዝ ፍሬ ልክ ነው። እስከ 3 ዓመቷ ከዚያ አይበልጥም። ሳሙናውን አንቺ አውጪ፤ ቱቦውን ልጅ እጅ ላይ አትተዪው። የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ላይ ብሩሹን ከዳር ዳር የሚሸፍነው ሳሙና ለልጅ አይደለም። ሲጨርስ ይትፋ፣ ግን አፉን በብዙ ውኃ አይጉመጥመጥ፤ ጥርሱ ላይ የሚቀረው ትንሽ ሳሙና ነው የሚሠራለት። ድዱን የሚያድነው ደግሞ የብሩሹ ፀጉር ነው፤ ሳሙና ባይኖርሽም ቦርሺው።

ስለ ምግብ አጭር ልበል። ስኳር ያለበት ሻይ በዳቦ፣ ብስኩት፣ ለስላሳ፣ ከረሜላ፦ ጉዳቱ ከብዛቱ ይልቅ በመደጋገሙ ነው። ከምግብ ጋር አንድ ጊዜ ይብላው፣ በየመሀሉ ግን አይሁን። ማታ ከተቦረሸ በኋላ ውኃ ብቻ። ጡጦ አፉ ላይ አድርጎ የሚተኛ ልጅ የላይ የፊት ጥርሶቹን ሊያጣ ይችላል፤ ሕፃኗን ከአሁኑ አታስለምጂያት።

የሚደማ ድድ ሁሉ ግን ከፕላክ አይደለም። ልጅሽ ላይ የጻፍሽው ፕላክ ይመስላል፣ ቢሆንም ሌሎቹን እወቂ።

ትኩሳት ቀድሞ መጥቶ፣ ከዚያ ድዱ በሙሉ ደም መስሎ፣ ምላሱና ከንፈሩ ላይ ቁስል ከወጣ የሄርፐስ ቫይረስ ነው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባሉ ልጆች ይታያል። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል፣ ሥጋቱ ልጁ ስለሚያመው መጠጣት ማቆሙ ነው። ቀዝቃዛ ነገር በማንኪያ በማንኪያ ስጪ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሐኪም ይየው። ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ዓይኑን እንዳይነካ ጠብቂ።

አንድ ጥርስ ሥር ብጉር የመሰለች ነገር ወጥታ መግል ካፈሰሰች ጥርሱ ውስጥ ኢንፌክሽን አለ። ባያመውም ሕክምና ይፈልጋል። የሚጥል በሽታ ኖሮት ፊኒቶይን የሚወስድ ልጅ ድዱ ሊያድግና ጥርሱን ሊሸፍን ይችላል፤ መድኃኒቱን በራስሽ አታቁሚ፣ ለሐኪሙ ንገሪ። በአፉ የሚተነፍስና የሚያንኮራፋ ልጅ የላይ የፊት ድዱ ደርቆ ይቀላል፤ ይህን የአፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ይየው። ሊወድቅ የሚነቃነቅ ጥርስ ዙሪያ ትንሽ ደም ግን የተለመደ ነው። ድድ ዳር ላይ ጥቁር መስመር ታይቶ ልጃቸው ጥርሱ ተበላ ብለው የሚደናገጡ እናቶችም አሉ። ብዙ ጊዜ ቀለም ያለው ባክቴሪያ የሚተወው ጉዳት የሌለው ምልክት ነው፤ እኛ ጋ ይጠረጋል።

ድዱ እየደማ ልጁ ከገረጣ፣ ሳይመታ ሰውነቱ ላይ የሚበልዝ ነገር ካለ፣ ነስር ከደጋገመው፣ ትኩሳት ከቆየበት በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰጂው። የደም ምርመራ ያስፈልገዋል።

እና ኖማ። ይህን ስም ብዙ ወላጅ አልሰማውም፤ ግን እያንዳንዱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሊያውቀው ይገባል። በምግብ እጥረት የተጎዱ፣ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆችን ይይዛል፣ በተለይ ከኩፍኝ ወይም ከወባ በኋላ። በተቆጣ ድድ ይጀምራል። ድዱ ይቆስላል፣ ይግማል፣ ከዚያ ፊት ያብጣል፣ በቀናት ውስጥ ጉንጭ ይበላል። ሕክምና ካላገኙት ልጆች አብዛኞቹ ይሞታሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። መጀመሪያ ላይ ከተደረሰበት በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት፣ በአፍ ንጽሕናና በተመጣጠነ ምግብ ይቆማል። ልጅሽ እየበላ እየተጫወተ ያለ ልጅ ስለሆነ ይህ የእሱ ሥጋት አይደለም። በአካባቢሽ የከሳ፣ አፉ የሚሸት፣ ድዱ የቆሰለ ሕፃን ካየሽ ግን ለእናቱ ንገሪያት፤ የሚቻል ከሆነ ራስሽ አብረሻት ጤና ጣቢያ ሂጂ።

በመጨረሻ፣ ልጅሽን ባይደማም የጥርስ ሐኪም ቢያየው እወዳለሁ። በ4 ዓመት ተኩል መጀመሪያ ጊዜ መምጣት ዘገየ እንጂ አልረፈደም፤ ለሕፃኗ ጊዜው አንድ ዓመት ሲሞላት ነው። ስትሄጂ የምትጠቀሚበትን ብሩሽና ሳሙና ይዘሽ ሂጂ፤ የሳሙናው ቱቦ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሐኪሙ ያያል። የምትጠጡት ውኃ ከየት እንደሚመጣ ንገሪው። ድዱ ላይ ድንጋይ የሆነ ነገር ካለ በብሩሽ አይነሳም፣ ሐኪሙ ያነሳዋል፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከታች የፊት ጥርሶች በስተውስጥ ነው። እንዴት እንደሚቦረሽ ልጁ አፍ ላይ እንዲያሳይሽ ጠይቂው። ከዚያ አንቺ እዚያው ወንበር ላይ ሐኪሙ እያየሽ ሞክሪ፣ እጅሽን ያርምልሽ።